ታካሚን ማዳመጥ፣ ራስንም ማትረፍ፦ ድሬዳዋና ሐረር ለምትመደቡ ወጣት ሐኪሞች

ይህን የምጽፈው በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለምትቀመጡ ሐኪሞች ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ከሕክምናው ጎን ለጎን የማጠናውና የማስተምረው ሐኪምና ታካሚ እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው። ከሥራዬ አብዛኛው በምርመራ ክፍል ጥግ ወንበር ስቤ ተማሪዎቼንና ታካሚዎቻቸውን ማዳመጥ ነው። ከዚያ ጥግ ሆኜ ደጋግሜ የማየው ነገር ቢኖር ታካሚዎች ሳይደመጡ የወጡበት ቀን ሐኪሙም ተሟጦ የሚወጣበት ቀን መሆኑን ነው።

በትምህርት ቤት ሁለቱን ጉዳዮች ለያይተን ነው የተማርናቸው። ከታካሚ ጋር መነጋገር የጨዋነት ጉዳይ ተደርጎ በጥቂት ክፍለ ጊዜ ይታለፋል፤ የሐኪም መዛል ደግሞ የግል ድክመት ተደርጎ ጭራሽ አይነሳም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክርስቲና ማስላክ ከሱዛን ጃክሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመችው መለኪያ ግን መዛልን በሦስት መልኩ ያየዋል፦ ስሜት መሟጠጡን፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማየት መጀመርን፣ «የምሠራው ሥራ ምንም አይረባም» ማለትን። ሁለተኛውን ከአንደበታችሁ ታውቁታላችሁ። ታማሚዋ «ወይዘሮ እንትና» መሆናቸው ቀርቶ «የ8 ቁጥሯ ጉበት» ሲሆኑ ነገሩ ጀምሯል ማለት ነው። በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ 70 ሐኪሞች ለአንድ ዓመት ገደማ ታካሚን በአስተውሎት ማዳመጥንና የገጠማቸውን እርስ በርስ መነጋገርን ሠልጥነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት መዛላቸው ቀንሶ ለታካሚ የነበራቸው ርኅራኄ ጨምሯል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምላችሁን ለታካሚው ስትሉ ብቻ የምትሸከሙት ተጨማሪ ሸክም አድርጋችሁ አትዩት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች

ካርዱን ታካሚው ከመግባቱ በፊት አንብቡት። እሱ እየተናገረ እናንተ ገጽ የምታገላብጡ ከሆነ ንግግሩን ያቆማል፤ ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ከአክብሮት የተነሳ እስክትጨርሱ ዝም ይላል፤ ዝም ባለበትም ይቀራል። ስትጠሩ በባዶ ስም አትጥሩ፤ አቶም ሆነ ወይዘሮ፣ ሀጂም ሆነ ሼህ፣ ማዕረጋቸውን ጨምሩ። ሰላምታውንም አትቁረጡ። በዚህ አገር ሰው ከጤናው በፊት ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠያይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። እናንተም «ቤት ሰላም ነው?» ብላችሁ መልሱን ጠብቁ። ተቀመጡም። ቆሞ የሚያነጋግር ሐኪም ልክ ያንኑ ያህል ደቂቃ ቢሰጥም ታካሚው እንደ ተቻኮለ ይቆጥረዋል፤ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል።

ከዚያ «እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን ሆነው መጡ?» በሉና ብዕራችሁን አስቀምጡ።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሐኪም የሚፈራው። «ዝም ካልኩ መቼ ሊያበቃ ነው? ውጭ ያለውን ሰልፍ አያዩም?» ይሉኛል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ በተለይ በድሬዳዋ ወባና ደንጊ በሚበዙበት ወቅት ኮሪደሩ መቆሚያ ያጣል። ቢሆንም ጊዜው ተለክቷል። ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሐኪሞች ታካሚውን በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ አቋርጠውት ተገኝተዋል። በስዊዘርላንድ ባዝል ደግሞ ሐኪሞች ሳያቋርጡ እንዲያዳምጡ ተነግሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እንደታተመው ታካሚዎቹ የተናገሩት በአማካይ ለ92 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከ10 ሰዎች ስምንቱ ያህል በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሐሳባቸውን ጨርሰዋል። የእኛ ታካሚ ሰላምታው ረዘም ስለሚል ትንሽ ጨምሩበት። የምትሰጡት ጊዜ ያ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይደለም።

ሲጨርስ «ሌላስ?» በሉ። ሲመልስ እንደገና «ሌላስ?» በሉ፤ «በቃ፣ ይኸው ነው» እስኪል ድረስ። አንድ ቀን ከፊራ ገበያ አትክልት የሚሸጡ እናት ተማሪዬ ፊት ተቀምጠው ነበር። የደም ግፊታቸው 180 በ110፤ መድኃኒት ከጀመሩ ቆይተዋል። ራስ ምታታቸውን ነገሩት። ተማሪው ሁለተኛ መድኃኒት ሊጨምር ብዕሩን ካነሳ በኋላ ትዝ አለውና «ሌላስ፣ እማማ?» አላቸው። ስለ ጉልበታቸው ነገሩት። «ሌላስ?» አለ። ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ በሩን ዞር ብለው አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ ክኒኑን እኮ የምውጠው ራሴን ሲያመኝ ነው። ሳያመኝ ለምን እጨርሰዋለሁ? እዚህ ሲጠፋ ከውጭ መግዛት ነው» አሉ። ሁለተኛ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሴት አልነበሩም። የሚያስፈልጋቸው የደም ግፊት ሳያም ልብንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ የሚነግራቸው፣ ማዘዣውንም በኪሳቸው አቅም የሚጽፍላቸው ሰው ነበር። ተማሪው በዚያ ቀን ሲወጣ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። የማስላክ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም «ሥራዬ ይረባል ወይ?» የሚለው፣ እንዲህ ባለው ጠዋት ነው መልስ የሚያገኘው።

አስተርጓሚ

ድሬዳዋ ላይ በአንድ ጠዋት አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይገቡላችኋል፤ ሐረር ላይ ሐረሪኛው ይጨመራል። ብዙ ጊዜ የተመደበ አስተርጓሚ የለም። የሚያስተረጉመው የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጥበቃው፣ አስታማሚው ወይም ቀጥሎ ተራ የሚጠብቀው ሰው ነው። እነሱ ባይኖሩ ሥራው ይቆም ነበርና አመስግኗቸው፤ አሠራሩን ግን እናንተ ያዙት።

አስተርጓሚውን ከታካሚው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ አስቀምጡ። ስትናገሩ የምታዩት ታካሚውን ነው፤ «በላት፣ መቼ ነው የጀመራት?» ሳይሆን ወደ እሷ ዞራችሁ «መቼ ጀመረዎት?» በሉ። አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ አቁሙ። ከመጀመራችሁ በፊት ለአስተርጓሚው «ያለችውን ሁሉ እንዳለ ንገረኝ፣ አታሳጥርልኝ» በሉት። ሴትየዋ እጇን እያወናጨፈች ብዙ ተናግራ አስተርጓሚው «ሆዷን ነው የሚያማት» ብሎ ከመለሰ አትለፉት፤ «ሌላውንስ ምን አለች?» ብላችሁ መልሱት። የሚጠቅማችሁ ያ የተቆረጠው ነው፤ የወር አበባዋ መቅረቱ፣ ከሌላ ቦታ የወሰደችው መድኃኒት፣ ፍርሃቷ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ልጅ አታስተርጉሙ። የ10 ዓመት ልጅ ለእናቱ ስለ ማኅፀን ደም መፍሰስ አይነግራትም፤ መንገርም የለበትም። ባል የሚስቱን ቁስል ሲያስረዳ እሷ ዝም ካለች፣ በትሕትና «ልመረምራት ነው፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ብላችሁ ነርስ አስገቡ። የኤች አይ ቪ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ውጤት ከሆነ ደግሞ ከታካሚው ሰፈር የሆነ ሰው በምንም ዓይነት አያስተርጉም። ድሬዳዋ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ገንደ ቆሬ የገባ ወሬ ሳይመሽ ሳቢያን ይደርሳል። ብዙ ክፍሎቻችን ሁለት ሐኪምና ሁለት ታካሚ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱ ናቸው። ወንበሩን አዙሩት፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ካልሆነም ለዚያ ጉዳይ ብቻ ሌላ ክፍል ለምኑ።

ሰላምታውን፣ በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ»፣ በሶማልኛ «ኢስካ ወረን» ማለትን፣ የት እንደሚያም መጠየቅን ተማሩ። የሰው ፊት ሲፈካ ታያላችሁ። በዚያች በምታውቋት ጥቂት ቋንቋ ግን የሕመም ታሪክ አትውሰዱ፤ ለሰላምታ የበቃ ቋንቋ ለደረት ሕመም አይበቃም።

ስለ ጫትና ስለ ጾም

በዚህ አካባቢ ስለ ጫት ያልጠየቀ ሐኪም ግማሽ ምርመራ ነው ያደረገው። ጫት ልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያደርቃል። የምትጠይቁት ግን ለመክሰስ መሆን የለበትም። «ይቅማሉ እንዴ?» ብላችሁ ፊታችሁን ካጠቆራችሁ «አልፎ አልፎ» ይላችኋል፤ በውሸት መረጃም ታክማላችሁ። «በርጫ የሚቀመጡት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? ከዚያ በፊት ምሳ ይበላሉ? ማታስ እራት ይበላሉ?» ብላችሁ ስለ ዕለት ኑሮው ጠይቁ። ለስኳር ሕመም ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ በጫት ምክንያት እራቱን ከተወ ስኳሩ ሌሊት አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ይህን አደጋ ንገሩት፤ ስለ ማቆም የምታወሩት እምነቱን ካገኛችሁ በኋላ ነው።

ረመዳን ከመግባቱ ቀደም ብላችሁ የመድኃኒት ሰዓት አስተካክሉ። ታካሚው «ልጹም ወይ?» ብሎ አይጠይቃችሁም፤ ይጾማል። ለዐቢይ ጾምም እንዲሁ፦ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ጠይቁ።

ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል?

«ገባዎት?» ለሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ አንድ መልስ ብቻ አለ፤ «አዎ፣ ገባኝ» ነው። ሐኪምን «አልገባኝም» ማለት ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በምትኩ ኃላፊነቱን ወደ ራሳችሁ ውሰዱ፦ «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፤ ቤት ሲገቡ ባለቤትዎ ሐኪሟ ምን አለች ብለው ቢጠይቁዎት ምን ይሏቸዋል?» በሉ። በሳን ፍራንሲስኮ ስኳር ሕሙማንን የሚያክሙ ሐኪሞች ሲቀረጹ፣ አዲስ ያስረዱት ነገር ለታካሚው መግባቱን ያጣሩት ከ61 ቀጠሮዎች በ12ቱ ብቻ ነበር፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚጣራው የመድኃኒት ሰዓት ይሁን። «በየ8 ሰዓቱ» ሲባሉ በ8 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚውጡ አሉ። «ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማታ አምስት ሰዓት» ብላችሁ ንገሯቸው።

ከባድ ዜና

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፤ ሐኪሞችን ከሁሉ በላይ የሚያደክማቸው ይኸው ነውና።

ሮበርት በክማን የሚባል የካንሰር ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ባለ ስድስት ደረጃ መንገድ በብዙ አገር ይሰጣል። ቦታውን አዘጋጅ፣ ታካሚው ምን እንደሚያውቅ ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ ንገር፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጣዩን አብራችሁ ወስኑ ይላል። ጥሩ መንገድ ነው። እኛ ደግሞ መርዶ አለን። ከእናቶቻችን እንደምናውቀው ለሰው ሞት በስልክ አይነገርም፣ በሌሊት አይነገርም፣ እህል ሳይቀምስ አይነገርም፤ የሚነግረው ሽማግሌ ነው፣ የሚደግፉት ወዳጆች አጠገቡ ተቀምጠው ነው። በክማን «ቦታውን አዘጋጅ» የሚለውን ሕዝባችን ሲያደርገው ኖሯል። ከዚህ ባህል ዝግጅቱን ሁሉ ውሰዱ። ታካሚው ስለ ገዛ አካሉ መወሰን ሲኖርበት ግን መደበቁን አትውሰዱ።

የሚገጥማችሁ እንዲህ ነው። የእናቲቱ የምርመራ ውጤት ይመጣል፤ ካንሰር ነው። ታላቅ ልጃቸው ኮሪደር ላይ ክንዳችሁን ይዞ «ዶክተር፣ እሷ እንዳትሰማ፤ ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብናለች» ይላል። አትቆጡት፤ ቃልም አትግቡለት። ወደ ክፍል አስገቡት፣ አስቀምጡት፣ ምን እንደሚፈራ ጠይቁት። ከዚያ እንዲህ በሉት፦ «ሳይጠይቁኝ በድንገት አልነግራቸውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ራሳቸውን እጠይቃቸዋለሁ፤ አንተም አብረኸኝ ትሆናለህ።» አብዛኛው ልጅ ይህን ሲሰማ ትከሻው ይወርዳል፤ ምስጢሩን ብቻውን መሸከም ከብዶት ነበርና። እናቲቱንም «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለልጄ ንገረው» ካሉ ውሳኔያቸው ነው፤ አክብሩት፣ ካርድ ላይም ጻፉት። በብዛት ግን «እኔስ አውቄው የለ» የሚሉ ናቸው።

ዋርድ ውስጥ ሰው ሲሞት በኮሪደር አትናገሩ። ከቤተሰቡ መካከል ጠና ያለውን ለዩ፤ የዕድር ወይም የአፎቻ (ዕድር መሰሉ የሐረሪዎች መረዳጃ) ሰው አብሯቸው ካለ ጥሩት። ተቀምጣችሁ፣ በአጭሩ፣ በማያሻማ ቃል «አርፈዋል» በሉ። «የምንችለውን አድርገን ነበር…» ብላችሁ ከጀመራችሁ ገና ተስፋ ያለ የሚመስለው ይኖራል። ከዚያ ዝም በሉ። ልቅሶውን ለማስቆም አትቸኩሉ። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ ሳይዘገይ፣ የሚቻል ከሆነ በዕለቱ መፈጸም ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሞት ማስረጃው ወረቀት ዘግይቶ ሰው በመስኮት ሥር እንዳይቆም አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ለዚያ ቤተሰብ የወረቀቱ መፍጠን ከማንኛውም የማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

ራሳችሁን

ከሞት በኋላ በቀጥታ ወደሚቀጥለው በሽተኛ አትሂዱ። ውኃ ጠጡ፣ አብራችሁ የነበረችውን ነርስ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሏት፣ የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተነጋገሩ። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ያችን አምስት ደቂቃ ራሱን የነሳ ሐኪም የቀጣዩ በሽተኛ አስታማሚ ላይ ሲጮህ አይቻለሁ።

ሁለተኛው የምመክራችሁ ቡና ነው። ሚካኤል ባሊንት የተባለ ሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም በ1950ዎቹ ለንደን ላይ ሐኪሞችን ሰብስቦ ስላስቸገራቸው ታካሚ እንዲነጋገሩ ያደርግ ነበር፤ ዛሬም በእሱ ስም የሚጠሩ ቡድኖች በብዙ አገር አሉ። እኛ ጋ ስብሰባ ስትሉት ማንም አይመጣም፤ ቡና ስትሉት ይመጣል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ ከስድስት እስከ አሥር ሰው፣ ነርሶችም ይኑሩበት። ረከቦቱ ይቀርባል፣ አንድ ሰው ከአእምሮው ያልወጣለትን ታካሚ ያነሳል። ስም አይጠራም። ሕክምናው ትክክል ነበር ወይ የሚለው አይነሳም፤ ለእሱ የጠዋት ሪፖርት አለ። ሌሎቹ ምክር አይሰጡም፤ እንዲህ ያለ ታካሚ ምን እንደሚያሳድርባቸው ብቻ ይናገራሉ። የሥራ አፈጻጸም ውጤታችሁን የሚሞላ አለቃ አይቀመጥ፤ እሱ ካለ ሰው አይናገርም።

ሌሊት ተረኛ ስትሆኑ ለመንቃት ጫት አትጀምሩ። ምርቃናው ሲያልፍ እንቅልፍ ሳይመጣ ድብርቱ ይመጣል፤ በማግስቱ ለመነሳት ደግሞ ሌላ ጫት ይፈለጋል። ወጣት ባልደረቦች በዚህ መንገድ ሲሰበሩ ማየት ልብ ይሰብራል። ከተረኝነት በፊት በቀትር ተኙ፤ የድሬ ሙቀት ከምሳ በኋላ ለመተኛት ሰበብ ይሰጣችኋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሁሉንም በጽናት ልትሸከሙት ትችላላችሁ የሚል ሰው ካለ አትመኑት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መዛልን ሲተረጉመው ሥር ከሰደደና በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነው ብሏል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ለኃላፊያችሁ አቅርቡ፦ ከሌሊት ተረኝነት በኋላ ዕረፍት፣ የተመደበ አስተርጓሚ፣ ለምስጢራዊ ምክክር አንድ ክፍል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው የጄኔቫ የሐኪሞች ቃል ኪዳን ሐኪም ለራሱ ጤናና ደኅንነት እንዲጠነቀቅ ያስምላል፤ ደብዳቤው ላይ ጥቀሱት።

ለብዙ ሳምንት እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ከሥራ በፊት ሆዳችሁ ከታወከ፣ ወይም «ተኝቼ በዚያው ባልነቃ» የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ የአእምሮ ጤና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ሂዱ፤ ብቻችሁንም አትሁኑ። በምትሠሩበት ቦታ መታየት ካሳፈራችሁ ድሬዳዋ ያላችሁ ሐረር፣ ሐረር ያላችሁ ድሬዳዋ ሂዱ፤ የደንገጎን ዳገት መውጣትና መውረድ ነው። ስትሄዱም ካርድ አውጡ፣ ተራ ጠብቁ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ኮሪደር ላይ ባልደረባ አስቁማችሁ በሁለት ደቂቃ አማክራችሁ አትመለሱ።